«ደህና ነኝ» ከማለታችን በፊት

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በተዘጋጀ የማኅበረሰባችን የጤና ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ብቻ አቃንቼ፣ እንደተናገርኩት አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! ድምፄ ከኋላ ላላችሁት ይሰማል? እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከማደንዘዣ እስኪነቃ በሚያርፍበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። እኔም ቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያምዎታል? ከዜሮ እስከ አስር ቢሰጡት ስንት ይሰጡታል?»

ከእኛ እናቶች የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

አንዲት እናት ሆዳቸው ተከፍቶ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እኔ ጋ መጡ። በአማርኛ ሳናግራቸው «ያገሬ ልጅ!» ብለው እጄን ያዙ። «ያምዎታል እማማ?» አልኳቸው። «ተመስገን ነው ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉ። ቀና ብዬ መቆጣጠሪያውን አየሁ። የልብ ምታቸው በደቂቃ 118 ነው። ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ከመጨበጡ የተነሳ የጣቶቻቸው አንጓ ነጥቷል። ሆዳቸው እንዳይነቃነቅ ብለው የሚተነፍሱት ከደረታቸው ጫፍ ብቻ ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አፋቸው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሰውነታቸው ግን ይጮኻል።

እኚህ እናት ናቸው ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ ያወጡኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ህመም ከየት ተነስቶ በየት በኩል ነው የሚደርሰን? ሁለተኛ፣ ዝም የተባለ ህመም፣ «ቻል አድርጊው» የተባለ ህመም ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ህመማችንን እንዴት እንናገር? መድኃኒቱንስ እንዴት እንያዘው? ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

እንግዲህ አንደኛው።

ሌሊት ውኃ ልትጠጡ ስትነሱ ትንሿ የእግር ጣታችሁ ከአልጋው እግር ጋር የተጋጨችበትን ቀን አስታውሱ። መጀመሪያ ሹል የሆነ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር መጣ። እግራችሁን ሰበሰባችሁ። ከዚያ አንድ አፍታ ጸጥ አለ። «አሁን ይመጣል» ብላችሁ ጠበቃችሁት፣ አይደለም? መጣም። የሚጠዘጥዘው፣ ዓይን የሚያስጨፍነው መጣ። አንድ ጊዜ ተጋጭታችሁ ለምን ሁለት ጊዜ አመማችሁ?

መንገዱ ሁለት ስለሆነ ነው። አንዱ ነርቭ ስስ ሽፋን አለው፤ ወሬውን በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ያደርሳል። ሌላው ቀጭን ነው፣ ሽፋንም የለው፤ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ብቻ ይጓዛል። በእግር እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ከእግር ጣት እስከ ጀርባ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያቺ የጸጥታ አፍታ ሁለተኛው መልእክተኛ መንገድ ላይ ያለበት ሰዓት ናት።

እነዚህን ነርቮች በ1906 ስም ያወጣላቸው እንግሊዛዊው የነርቭ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) «ኖሲሴፕተር» አላቸው፤ «መጉዳት» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ልብ በሉ፣ «የህመም ነርቭ» አላላቸውም። እነሱ የሚያውቁት ጉዳትን ነው። ህመም የሚሆነው ወሬው ህብለ ሰረሰር ደርሶ፣ ከዚያ ወደ አንጎል ወጥቶ፣ አንጎል ሲፈርድበት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማድ ቤት ልውሰዳችሁ። ሚጥሚጣ በዛባችሁ። አፋችሁ ነደደ፣ ላብ ወረደ። ምላሳችሁን በቴርሞሜትር ብትለኩት ግን ሙቀቱ ያው ነው፤ ምንም የተቃጠለ ነገር የለም። ታዲያ ለምን «አቃጠለኝ» እንላለን? በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ዴቪድ ጁሊየስ ከባልደረቦቹ ጋር የበርበሬን ነገር ይዞ ተነሳ። ከስሜት ነርቮች ብዙ ጂኖች ሰበሰቡ። በርበሬ ጨርሶ የማይሰማው ህዋስ ውስጥ እየከተቱ፣ የትኛው ጂን ሲገባበት ህዋሱ በርበሬ እንደሚሰማው ፈለጉ። በ1997 አገኙት። ትሪፕ ቪ ዋን ይባላል። በነርቩ ጫፍ ላይ ያለ በር ነው በሉት። ይህ በር ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬ ንጥረ ነገርም ይህንኑ በር፣ አዎ ይህንኑ በር ይከፍተዋል። አንጎል የሚደርሰው ወሬ «እሳት!» የሚል ነው፤ ስለዚህ «አቃጠለኝ» የምንለው ትክክል ነው። ዶሮ ግን ቃሪያ ብትለቅም ምንም አይመስላትም፤ የወፎች በር ለካፕሳይሲን አይከፈትም። ደግሞ ካፕሳይሲን ከውኃ ጋር አይስማማም፣ ቅባት ነው የሚወደው። ውኃ ብትጠጡበት የማይለቃችሁ ለዚህ ነው። ክትፎና ሚጥሚጣ ሲቀርብ አጠገቡ አይብ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘ። አብሮት የተሸለመው አርደም ፓታፑቲያን ቤይሩት የተወለደ አርመናዊ ነው፤ ከሊባኖስ ጦርነት ሸሽቶ በ18 ዓመቱ ወደዚህ አገር የመጣ ሰው። ይህን የምነግራችሁ ልጆቹ እንዲሰሙልኝ ነው። እሱ የፈለገው ግፊትን የሚሰማውን በር ነበር። የእሱ ቡድን 72 ጂኖችን መርጦ አንድ በአንድ እያጠፋ፣ ህዋሱን በቀጭን የመስታወት ዘንግ እየነካ ሞከረ። መልሱ የመጣው መጨረሻ ላይ በሞከሩት ጂን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ነርሲንግ ስማር አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ለልምምድ ተመድቤ ነበር። አለርት ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕክምና ለአፍሪካ ሲያስተምር የኖረ ማዕከል ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍልን ነው፤ እጅን፣ እግርን፣ ፊትን። እዚያም ነርቭ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ያጠፋል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም። በአካባቢው የሚኖሩ፣ ከበሽታው የዳኑ አንዲት እናት ቡና ጠሩን። ቡናው ሲፈላ ጀበናውን ከፍሙ ላይ ሲያነሱት ሆዱን በባዶ መዳፋቸው ደገፉት። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ነው የቀዱልን። እኔ ጮኽኩ። እሳቸው ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ውኃ መቋጠር ጀምሯል። «ምነው ይሄ እጄ ባመመኝ!» አሉ።

ከመካከላችን «ባመመኝ» ብሎ የተመኘ አለ? ህመም የሌለው እጅ ይቃጠላል፤ ህመም የሌለው እግር ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ፣ እግራችሁን በየማታው እዩ የሚሏችሁ ለዚህ ነው። የስኳር በሽታም ነርቭ ያደነዝዛል።

ከልደታቸው ጀምሮ ህመም የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ። በ2006 በሰሜን ፓኪስታን ስላሉ ዘመዳሞች የወጣ ጥናት ነበር። ጥናቱ የተጀመረው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ ጎዳና ላይ ክንዱን በቢላ እየወጋ፣ በፍም ላይ እየተራመደ ለሰው ትርኢት ያሳይ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው ከጣሪያ ላይ ዘሎ ሞተ። በዘመዶቹ ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ጉዳት ጠቋሚ ነርቮች ላይ ያለ አንድ የሶዲየም መተላለፊያ፣ ማለትም ነርቩ ወሬውን እንዲልክ ሶዲየም የሚያስገባ በር፣ እንደማይሠራ ተገኘ። አንዲት መተላለፊያ ብትዘጋ ሰው ህመም አያውቅም! ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን በዚህ መተላለፊያና በወንድሞቹ ላይ ጥለው ቆዩ። ውጤቱን ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ነገር።

«ቻል አድርጊው፣ ያልፋል» እንባባላለን። እውነት ነው፣ ብዙው ያልፋል። የማያልፈውስ?

በአማርኛችን «ቁስሉ ተቆጣ» የሚል አነጋገር አለ። እኔ በሕክምና ትምህርት ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። ሥጋ ሲጎዳ ህዋሶቹ ፕሮስታግላንዲንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃሉ። እነዚህ የነርቩን በር ያስቆጡታል። በ43 ዲግሪ ይከፈት የነበረው በር በራሳችን የሰውነት ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ፀሐይ ያቃጠለው ትከሻ ለብ ያለ ውኃ ሲነካው እሳት የሚሆነው ለዚህ ነው። አስፕሪን ከ1899 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጆን ቬን ያሳየው በ1971 ነው። ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳል፤ በእኛ ቋንቋ ቁጣውን ያበርደዋል።

ቁጣው ግን ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። በ1983 ክሊፎርድ ዎልፍ ለንደን ውስጥ በአይጦች ላይ ሲሠራ፣ ከጉዳት በኋላ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው አሠራር ራሱ እንደሚለወጥ አሳየ። ህብለ ሰረሰሩ ከታች የሚመጣውን ወሬ ማጋነን ይጀምራል። ቀላል ንክኪ እንደ ህመም ይደርሳል። ህመሙም ከቁስሉ አልፎ ጤነኛውን ቦታ ይወርሳል።

ይህን አንድ ነገር ይዛችሁልኝ ሂዱ። ስለ ህመም «ለመድኩት» እንላለን፤ ህመሙ ቀለለኝ ማለታችን ነው። ነርቭም ይለምዳል። ግን ነርቭ የሚለምደው ህመምን መቻል አይደለም። የሚለምደው ማሳመምን ነው! ደግሜ ልበለው፦ ነርቭ የሚለምደው ማሳመምን ነው። ቀን ከሌት የምንችለው ህመም ለነርቩ ልምምድ ሊሆንለት ይችላል። በየሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልልም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደንብ ያልታገሰ ህመም ለወራትና ለዓመታት ለሚቆይ ህመም እንደሚያጋልጥ ግን እናውቃለን። እኔ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ሌላም አለ፦ ያመመው ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሳም። ያልተነፈሰ ሳንባ ኢንፌክሽን ያገኘዋል፤ ያልተራመደ እግር ደም ይረጋበታል። «ቻይ ነኝ» ያለ ሰው በሳንባ ምች ሲመለስ አይቻለሁ።

መልካሙም ዜና ያለው እዚያው ህብለ ሰረሰር ላይ ነው። ልጅ ወድቆ ግንባሩን ሲመታ እናት ምን ታደርጋለች? ታሻዋለች። እፍ ትልበታለች። ከዚያ ድንጋዩን «አንተ ነህ ልጄን የመታኸው!» ብላ ትመታለታለች። ልጁ እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ በህብለ ሰረሰር ላይ መዝጊያ እንዳለ የሚያስረዳ ሐሳብ አወጡ። ንክኪን የሚያመጡት ወፋፍራም ነርቮች ከህመሙ ነርቮች እጅግ ይፈጥናሉ። ስትታሹ እነሱ ቀድመው ገብተው መዝጊያውን ገርበብ ያደርጉታል። የሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ መዝጊያ መኖሩ ግን ጸንቷል። ከላይ፣ ከአንጎልም መዝጊያውን የሚጎትት ገመድ ይወርዳል። በ1975 ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትስ አበርዲን፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ አንጎላችን ራሱ ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚሠራ አገኙ። ሞርፊን የሚሠራልን ሰውነታችን ቀድሞ ለራሱ ባዘጋጀው ቁልፍ ቀዳዳ ስለሚገባ ነው።

ሄንሪ ቢቸር የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም በ1944 ጣሊያን ውስጥ፣ አንዚዮ በሚባል ቦታ ከጦር ሜዳ የመጡ ቁስለኞችን ያክም ነበር። ሥጋቸው ተቀዳዶ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ይመጣሉ። «ማስታገሻ ልስጥህ?» ሲላቸው ከአራት ሦስቱ ያህል አንፈልግም አሉት። ነርቫቸው ሞቶ ነበር? አይደለም፤ መርፌ ያለ ጥንቃቄ ሲወጋቸው እንደማንም ሰው ይቆጡ ነበር። ቢቸር ያለው ይህ ነው፦ ለዚያ ወታደር ቁስሉ ከሞት ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነበር። ያው ቁስል በሰላም ቀን ቢደርስ ኖሮ መርዶ ይሆን ነበር። አንጎል ይፈርዳል ያልኳችሁ ይህን ነው። ስለዚህ የታመመ እጅ መያዝ፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ አብሮ መጸለይ ከንቱ ነገር አይደለም። ፍርሃቱ ሲበርድ ያ ገመድ ይጎተታል። ግን የመድኃኒቱ ጓደኛ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም። ደግሞ «አንጎል ይፈርዳል» ስላልኩ ማንም ተነስቶ የሰውን ህመም «ከሐሳብሽ ነው» እንዳይል። አደራ! ህመም ሁሉ በአንጎል በኩል ነው የሚያልፈው፤ የተሰበረ እግር ህመምም ጭምር።

ሦስተኛው፣ የመጣሁበት ዋናው ነገር።

ህመምን የሚለካ መሣሪያ የለም። ደም ግፊት መለኪያ አለው፤ ስኳር መለኪያ አለው። ህመም ያለው የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው። ቃል የሌለውስ? እስከ 1980ዎቹ ድረስ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ህመም በቅጡ አይሰማቸውም እየተባለ በጣም ትንሽ ማደንዘዣ እየተሰጣቸው፣ አንዳንዴም ያለ ማስታገሻ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። በ1987 ካንዋልጂት አናንድ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ በደንብ የደነዘዙት ሕፃናት ሰውነታቸው እንዳልተናወጠና በተሻለ ሁኔታ እንዳገገሙ አሳየ። መናገር ያልቻለ ሁሉ አይሰማውም ተብሎ ነበር ማለት ነው። እኛም ጥቁሮች ነን። በ2016 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ እዚህ ጎረቤታችን፣ ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች (ገና በልምምድ ላይ ያሉ ሐኪሞች) ተጠይቀው፣ ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው አካል ቢያንስ አንድ የሐሰት እምነት ነበራቸው፤ ቆዳቸው ወፍራም ነው የሚል ዓይነት። በዚህ አገር ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ስንል በዚያ ላይ ነው የምንጨምርበት።

ቃል ደግሞ አጥተን አይደለም! ሜልዛክ በ1975 በሽተኞች ህመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ሰብስቦ መጠይቅ አደረጋቸው፤ ቃሉ ስለ ህመሙ ምንጭ ይናገራልና። እስቲ የእኛን እንቁጠር። ይወጋኛል። ይቆርጠኛል። ይፈልጠኛል። ይቆረጥመኛል። ይጠዘጥዘኛል። ይለበልበኛል። ይነዝረኛል። ይደነዝዘኛል። ይጫነኛል። ስታዩት «ታመምኩ» ብቻ አንልም፤ «ራሴን አመመኝ» እንላለን፤ ህመሙ ባለቤት ሆኖ እኛ ላይ ሲሠራ እናሳያለን። ሆድን «ይቆርጠኛል» ያለና «ይለበልበኛል» ያለ ሐኪምን የሚወስዱት ወደ ተለያየ ቦታ ነው። ደረቴን «ይጫነኛል»፣ ወደ ክንዴ ይሄዳል ያለ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ አምቡላንስ ይጥራ።

እናቴ ከጥቂት ዓመት በፊት አልማዝ ባለ ጭራ ወጣባት። ከጀርባዋ ዞሮ ከጡቷ በታች እንደ መቀነት የመጣ ሽፍታ ነበር። በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና፣ ዕድሜ ሲገፋ በዚያው ነርቭ መስመር ይወጣል። ሽፍታው ደረቀ፣ ህመሙ ግን አልሄደም። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለነበርኩ ክሊኒክ የወሰዷት እህቴና የ13 ዓመት ልጇ ናቸው። እህቴ መኪና ስታቆም ልጁ ከአያቱ ጋር ገባ። እናቴ «እሳት ነው፤ ይለበልበኛል፤ ነጠላዬ ሲነካኝ ይነዝረኛል» አለች። ልጁ «ቆዳዋን ያማታል» ብሎ ተረጎመ። ምን ያድርግ? «ይነዝረኛል» የሚለውን ከየት ያምጣው? ኢቡፕሮፌን ታዘዘላት። አራት ወር! እናቴ ነጠላ መልበስ ተወች። ነጠላ ካልለበስኩ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብላ ቅዳሴ ቀረች። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ እኔም አመንኳት። የማላውቀውን ሰው ህመም ሌሊቱን ሙሉ ስጠይቅ አድሬ የእናቴን አልሰማሁም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ አብሬያት ሄድኩ፤ እንደ ልጅ ነው የተቀመጥኩት፣ አስተርጓሚ ይጠራልን አልኩ። በስልክ የቀረበችው ሴት እያንዳንዱን ቃል አንድ በአንድ አደረሰች። «ነጠላዬ ሲነካኝ» የሚለው ሲደርስ ሐኪሙ መጻፍ አቆመ። ጥጥ አምጥቶ ጎኗን ዳበሳት። እናቴ ከወንበሩ ብድግ አለች። በጥጥ! የነርቭ ህመም መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። ለዚህ ዓይነት ህመም ኢቡፕሮፌን እምብዛም አይሠራም፤ የተቆጣ ሥጋ የለማ! የተጎዳው ወሬ አመላላሹ ራሱ ነው። ጋባፔንቲን በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ አደረገላት፤ የሚያደነዝዝ ፕላስተርም ሰጣት። በዚያው በበርበሬው ካፕሳይሲን የተሠራ ፕላስተርም አለ፤ በሩን ደጋግሞ በመክፈት ነርቩን ያደክመዋል። ጨርሶ አልተዋትም። በትንሣኤ ግን ነጠላዋን ለብሳ ሄደች።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ 50 የሞላ የአልማዝ ባለ ጭራ ክትባት አለላችሁ፣ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ፤ እሱንም ጠይቁ። ቁጥር ሲጠይቋችሁ ቁጥሩን ስጡ፤ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳቃታችሁ ጨምሩበት፦ «ሰባት ነው፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አልቻልኩም።»

መድኃኒቱን በአጭሩ። አገር ቤት ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል የምንለውና እዚህ ታይለኖል የሚባለው አንድ መድኃኒት ነው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስለሚኖር ማሸጊያውን አንብቡ። በሻንጣ የመጣው ዲክሎፌናክና እዚህ የምትገዙት አድቪል፣ ማለትም ኢቡፕሮፌን፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አትደራርቧቸው። ኩላሊት፣ ጨጓራ ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ስለ ሞርፊንና ዘመዶቹ የምትፈሩትን አውቃለሁ። ፍርሃታችሁም መሠረት አለው። በዚህ አገር በ2021 ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ከመጠን ባለፈ ዕፅና መድኃኒት ሞቷል፤ አብዛኛው በኦፒዮይድ፣ ማለትም በሞርፊን ዘመዶች። ስለዚህ ለጥቂት ቀን፣ በታዘዘው ልክ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የተረፈው ለጎረቤት አይሰጥ፣ ፋርማሲ ይመለስ። ከቀዶ ሕክምና በነቁበት ሰዓት ወይም በካንሰር ህመም ውስጥ ግን በሐኪም እጅ የሚሰጥን ሞርፊን በፍርሃት አትመልሱ። ቅድም ቃል የገባሁላችሁም አለ፦ ከእነዚያ የሶዲየም መተላለፊያዎች የአንዱን ወንድም የሚዘጋ ሱዜትሪጂን የሚባል ክኒን በጥር 2025 እዚህ ተፈቅዷል። የሚሠራው አንጎል ላይ ሳይሆን በዳርቻው ነርቭ ላይ ስለሆነ እንደ ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ተብሎ አይፈራም። በሙከራው ከተነጻጸረበት የኦፒዮይድ ድብልቅ ክኒን አልበለጠም፤ ግን አዲስ በር ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ ሪፖርት እንዳሰላው፣ በየዓመቱ ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና አቻዎቹ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አገራችንም እዚያ ውስጥ ናት። አክስቴ በጡት ካንሰር ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። ሞርፊን ፍለጋ ሦስት ቦታ ሄድኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ፓራሲታሞል ነው። እሷም «ደህና ነኝ፣ አትንከራተቺ» አለችኝ። ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ለአገር ቤት ሆስፒታል አልጋና ማሽን የምትልኩ ማኅበራት እዚህ ተቀምጣችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉላቸው «ለካንሰር ሕሙማን የሚዋጥ ሞርፊን አላችሁ? ምን ከለከላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ሰዓቴ አልቋል ይሉኛል። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ቅድም የቆጠርናቸው ቃላት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉበት ወረቀት አለ፤ እያንዳንዳችሁ ውሰዱ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

እዚያ ጋ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እማማ ከቅድም ጀምሮ ጉልበታቸውን ይዘው እጃቸውን አንስተው ያወርዱታል። ማይክሮፎኑን ስጧቸው እባካችሁ። ይናገሩ እማማ፣ የት ጋ ነው? ምን ምን ያደርግዎታል?